ቤት ለቤት የሚሸጥ ሰው በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ፊት ማን ነው? (ድሬዳዋና ሐረር)

የከዚራ_ጥላ

ሰላም ለቤቱ። በድሬም በሐረርም ኮስሞቲክስ፣ የምግብ ማሟያ፣ ሽቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ከአከፋፋይ እየወሰዱ ቤት ለቤት፣ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ወይም በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ኩባንያው «ሠራተኛዬ አይደለህም፣ ገለልተኛ ሻጭ ነህ» የሚል ውል ያስፈርማቸዋል። ዕቃው ሲበላሽ ግን ገዢዋ ኩባንያውን ከየት ታውቀዋለች? የምታውቀው በሯን ያንኳኳውን ሰው ነው።

ሦስት ነገር በማስረጃ ይነገር። ሱቅ የሌለው ሻጭ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይመለከተዋል ወይ? «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ደረሰኝ ላይ መጻፍ ያድናል ወይ? ሰው ማስገባት ላይ የሚከፈል ኮሚሽንስ ከየት ጀምሮ ነው ክልክል የሚሆነው? በየቡድኑ የሚባለው እርስ በርሱ ይጣረሳል።

ቀፊራ_ማዶ

አቦ ሱቅ የለ፣ ታፔላ የለ፣ የምን አዋጅ! ሕጉ የባለሱቅ ነው። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ነጋዴ አይባልም።

ሕግና_ደረሰኝ

@ቀፊራ_ማዶ ታፔላ ስለሌለህ ከሕጉ አታመልጥም። አዋጁ ነጋዴ የሚለው የንግድ ሥራን ሙያው አድርጎ ለትርፍ የሚሠራን ሰው ነው፤ አራት ግድግዳ አይጠይቅም። ቦርሳ አንግቶ ሳቢያን ሰፈርን የሚዞረውም፣ ስልኩ ላይ ፎቶ የሚለጥፈውም ገዝቶ በትርፍ እየሸጠ እስከኖረ ድረስ ውስጡ ነው።

ሰዎች በጣም የሚሳሳቱት «ገለልተኛ» የሚለው ላይ ነው። ያ ውል ያለው በሻጩና በኩባንያው መካከል ነው። ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ አትጠይቀኝ ማለቱ ነው። ገዢዋ አልፈረመችበትም፣ ስለዚህ አያስራትም። አዋጁ ደግሞ ሸማቹ ለሚደርስበት ጉዳት በዕቃው አቅርቦት የተሳተፈ ሁሉ፣ አምራቹም አስመጪውም ጅምላ ሻጩም ቸርቻሪውም፣ በአንድነት ወይም በተናጠል እንዲጠየቅ ያደርጋል። ገዢ ከእነዚህ ውስጥ የሚይዘው ቅርቡን ነው። ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ከፊት የሚቆመው ድርጅቱ ነበር። ገለልተኛ ሲሆን ከፊት የሚቆመው እሱ ራሱ ነው።

ከፍሎ ወደ ላይ መጠየቅ ይችላል፤ ግን በወረቀት ነው። ከአፕላይኑ (ከበላዩ ካለው፣ ወደ ሥራው ካስገባው ሻጭ) በእጅ ተቀብሎ፣ በሞባይል ብር ልኮ፣ ደረሰኝ ሳይወስድ የሸጠ ሰው ሰንሰለቱ እሱ ጋ ይቆረጣል። የላከው ብር ብር መላኩን እንጂ የትኛው ዕቃ ከማን እንደተገዛ አያሳይም። የዝውውሩ ምክንያት ላይ እንኳ «ለዕቃ» ብሎ ከመተው የዕቃውን ስም፣ ብዛቱንና የባች ቁጥሩን (ማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር) መጻፍ ይሻላል።

ስለ መመለስ፦ በአንቀጽ 20 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። የተሻለ ዋስትና ከተሰጠው እሱ ይሠራለታል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ጉድለት ላለበት ዕቃ ምንም አያደርግም። ይህ የ15 ቀን መብት ግን ለጉድለት ብቻ ነው። «ቀለሙን ሳየው አልወደድኩትም»፣ «ባሌ ተቆጣ» የሚለው አይገባበትም። ሻጩ ደንበኛ ላለማጣት ቢመልስ መልካም፣ ግዴታው ግን አይደለም።

15 ቀኑ ካለፈ ደግሞ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ክፍል አለ። እሱ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ሦስት ወር ተጠቅማ፣ ግማሹን ጨርሳ የምትመጣ ደንበኛ የምትሸነፈው እዚያ ነው።

መጋላ_ማታ

«ባሌ ተቆጣ» ግን ድሬ ላይ ከጉድለት ሁሉ የከፋ ጉድለት ነው 😄

ለገሃሬ_ፌርማታ

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። የውጭ ኩባንያዎች መመሪያ ላይ «ገዢው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ውሉን መሰረዝ ይችላል» የሚል አለ። ሻጮች እሱን ተርጉመው እዚህ ያወራሉ። ያ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው። ከሻጩ መደበኛ የንግድ ቦታ ውጭ ለሚደረግ ሽያጭ የወጣ ሲሆን፣ ገዢው ቤት ሲሆን ከ25 ዶላር ጀምሮ ይሠራል፤ ሻጩ የመሰረዣ ቅጹን በሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከዚህ አዋጅ ጋር አይገናኝም። የእኛ 15 ቀን ጊዜው ይረዝማል፣ ግን ጉድለት ይጠይቃል። የእነሱ ያጥራል፣ ምክንያት ግን አይጠይቅም። ሻጩ በአፉ «3 ቀን አለሽ» ካለ ግን ራሱ በገባው ቃል ይያዛል፤ የሰጠውን ዋስትና መካድ አይችልም።

የከዚራ_ጥላ

@ሕግና_ደረሰኝ የዋጋ ማሳያውስ? ግድግዳ የሌለው ሰው ዋጋ የት ይለጥፋል?

ሕግና_ደረሰኝ

አዋጁ ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ ጉልህ ቦታ ላይ የዋጋ ዝርዝር፣ ወይም ዕቃው ላይ የተለጠፈ ዋጋ። ለቤት ለቤት ሻጭ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው፤ ትንሽ ተለጣፊ ዕቃው ሥር፣ እንዲሁም አንድ ገጽ ላሚኔት የተደረገ ዝርዝር ቦርሳ ውስጥ። የሚጻፈው ታክሱን ጨምሮ የመጨረሻው ዋጋ ነው። «1,000 ብር ሲደመር ቫት» ብሎ ደጃፍ ላይ 1,150 መጠየቅ ትክክል አይደለም።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያለው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሰው አይቶ፣ አለባበስና ሰፈር ገምቶ ዋጋ ለመጥራት የሚመች ዘዴ ነው፣ ቅሬታ ሲመጣም መከላከያ የለውም። ፎቶው ሥር ዋጋውን ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኩባንያው «ከዚህ ዋጋ በታች ብትሸጥ ከኔትወርኩ አስወጣሃለሁ» ካለ፣ በላይና በታች ባሉ ነጋዴዎች መካከል ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ መወሰን በዚሁ አዋጅ የውድድር ክፍል የተከለከለ ነው። ዋጋ መጠቆም ይችላል። ማስገደድ አይችልም።

ጁገል_በር

ስለ ወረቀቱ ብዙ ተባለ፤ ስለ ዕቃው ልናገር። ከሐረር ነኝ፤ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ ነገር የዕለት ሥራዬ ነው።

የምግብ ማሟያም ኮስሞቲክስም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ሥር ናቸው። ስለዚህ ሻጩ ከመውሰዱ በፊት አከፋፋዩን የምርቱን የምዝገባ ማስረጃ ቅጂ ይጠይቅ። ቅጂውን ሲያገኝ ስሙን ብቻ አይቶ አይለፍ፤ የአምራቹን ስምና አገር፣ የመጠኑን ጥንካሬ፣ የማሸጊያውን መጠን ከያዘው ዕቃ ጋር ያመሳክር። የ60 ፍሬው ተመዝግቦ የ120 ፍሬው፣ ወይም በሌላ ፋብሪካ የተሠራው በዚያው ወረቀት ሲሸጥ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የቆዳ ክሬም ነው። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚል ካያችሁ ያ ኮስሞቲክስ አይደለም፣ ስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ቤት ለቤት መሸጥ ይቅርና ሱቅ ውስጥም ያለ መድኃኒት ቤት ፈቃድ አይሸጥም። «ፊት የሚያቀላ» ተብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱን ያጠራና ወራት ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ይቆጣል። ሜርኩሪ ያለበትም አለ፤ ዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ተብሎ ይመጣል። ዝርዝር ጭራሽ የሌለው ክሬም ከሆነ አትንኩት።

ቀሲል (ፊት ላይ የሚቀባ የቅጠል ዱቄት)፣ የታሸገ እጣን፣ በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳ ሽቶ ቤት ውስጥ እያሸጉ የሚሸጡም ከዚህ አይወጡም። ቢያንስ የዕቃው ስም፣ የተጣራ ክብደት ወይም መጠን፣ የታሸገበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ አጠቃቀሙ፣ ያሸገው ሰው አድራሻ ይጻፍ። ቀሲል ላይ «ንጹሕ ቅጠል» ተብሎ ሌላ ዱቄት ከተቀላቀለ ነገሩ የምልክት ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው።

ስለ ቀን ደግሞ ልብ በሉ። ማሸጊያው ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07/2026 የሚለውን ያየች እናት መጋቢት 2026 ብላ በእኛ ታነበዋለች፤ ስምንት ዓመት ገደማ ያላት ይመስላታል። እውነቱ ሐምሌ 24 ቀን 2018 ላይ ያበቃል። ሻጩ ተለጣፊ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ቢለጥፍ ክርክሩ ይቀንሳል። የፋብሪካውን ቀን ግን እንዳይሸፍነው፤ ከሸፈነው ቀን የቀየረ ይመስላል።

ቀፊራ_ማዶ

ጁገል፣ የድሬ ሙቀት ያበላሸውን ዕቃስ ማን ይከፍላል? ኩባንያው «በአግባቡ አላስቀመጣችሁም» ይላል፣ ደንበኛ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ትላለች።

ጁገል_በር

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለእናንተ ለቆላዎቹ በተለይ። ብዙው ማሸጊያ «ከ30 ዲግሪ በታች» ይላል፤ አንዳንዱ ከ25። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀን ቀን ከ35 ያልፋል፣ የቆመ ባጃጅ ወይም የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሚታየው ምልክት ይሄ ነው፦ የዓሣ ዘይት እንክብል እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ወይን ዘለላ ይወጣል፣ ክሬም ላዩ ላይ ዘይት ያንሳፍፋል፣ ሊፕስቲክ ላብ የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል። ተጣብቆ የደረቀ እንክብል መልሶ ቢቀዘቅዝም አይስተካከልም።

መላው በርክክብ ላይ ነው። ከአከፋፋይ ሲወስድ ሻጩ ከየካርቶኑ አንድ ብልቃጥ ነቅንቆ ይስማ፤ እንክብሉ ከተንኳኳ ጤነኛ ነው፣ በአንድነት ከተገላበጠ ተጣብቋል፣ አይቀበል። ለደንበኛ ሲሰጥም እንዲሁ ፊት ለፊት አሳይቶ ደረሰኙ ላይ «ታይቶ ተረከብኩ» አስፈርሞ ይስጥ። ከዚያ በኋላ የመጣ መጣበቅ ደንበኛዋ ቤት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ቀላል ነው። የተደበቀ ጉድለትን ግን ፊርማው አይሸፍንም። ዕቃ ደግሞ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባይዞር ይመረጣል፤ በዚያ ሰዓት በር የሚከፍት ሰውም የለም።

ሳቢያን_ሒሳብ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ስለ ፒራሚድ፣ ማለትም ገቢው ዕቃ ከመሸጥ ሳይሆን አዲስ ሰው ከማስገባት ስለሚመጣበት አሠራር።

አዋጁ አንቀጽ 22 ላይ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ሸማቹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዛ ወይም ገንዘብ ሲያዋጣ፣ በእሱ አማካይነት የሚገዙ፣ የሚያዋጡ ወይም ወደ አሠራሩ የሚገቡ ሰዎች ቁጥር እየታየ ጥቅም ታገኛለህ የሚል የሽያጭ ስልት መዘርጋት። ስለዚህ «እኛ ዕቃ አለን፣ ፒራሚድ ዕቃ የሌለው ነው» የሚለው አያዋጣም። ድንጋጌው ዕቃ መግዛትንም ጠቅሷል።

አሜሪካኖቹ በፈረንጅ 1979 በአምዌይ (በአባላቱ በኩል ዕቃ በሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ) ጉዳይ ፒራሚድ አይደለም ያሉት በተወሰኑ ደንቦች ምክንያት ነው፦ ሻጩ የገዛውን 70 በመቶ ሳይሸጥ ሌላ አያዝዝም፣ በየወሩ ለ10 ደንበኛ መሸጡን ያሳያል፣ ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚገዛ አለ። እዚህ እንደ ሕግ አይጠቀስም፤ እንደ መመዘኛ ግን ይረዳል።

እዚህ የሚመጣን «ዕድል» ለመመዘን የክፍያ ዕቅዱን ወስዳችሁ አዲስ አባል የሚለውን ረድፍ ሁሉ በእርሳስ ሰርዙ። የቀረው ገቢ ከዜሮ በላይ ነው? ካልሆነ ገንዘቡ የሚመጣው ከሚገባው ሰው ኪስ ነው። ቀጥሎ የመግቢያ ፓኬጁን ፍቱ። 9,000 ብር ከፍላችሁ የምታገኙት ዕቃ የድሬ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ላይ በችርቻሮ 3,500 የሚያወጣ ከሆነ 5,500ው ለምን እንደተከፈለ መልስ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ወርሃዊ ግዴታ ግዢውን ተመልከቱ። «ነጥብህ እንዳይወድቅ» ተብሎ በየወሩ የሚገዛ ዕቃ አልጋ ሥር የሚከማች ከሆነ ገዢው ሻጩ ራሱ ሆኗል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ 6 ሰው ያስገባል ይሉሃል። 6፣ 36፣ 216፣ 1,296፣ 7,776፣ 46,656፣ 279,936። ሰባቱ ደረጃ ሲደመር 335,922 ሰው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ ስንት ነበር? 341,834። የገጠሩም፣ የተወለደ ሕፃንም ተቆጥሮ ማለት ነው። ስምንተኛው ደረጃ ብቻውን 1,679,616 ይፈልጋል። ከታች ያሉት ሁለት ደረጃዎች ሁልጊዜ ከጠቅላላው ከ97 በመቶ በላይ ስለሆኑ አብዛኛው ሰው የሚቆመው ኪሳራው ላይ ነው።

ቀፊራ_ማዶ

የሒሳቡን ልተወው። ግን የከሰረው አባል በ15 ቀን ውስጥ ፓኬጁን አይመልስም? እሱም ገዢ አይደለም እንዴ?

ሕግና_ደረሰኝ

አይደለም፤ አዋጁም የሚመርረው እዚህ ላይ ነው። ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛ፣ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ ያልገዛ ሰው ነው። ለሽያጭ ብሎ ፓኬጅ የወሰደ ሰው በዚህ ትርጉም ሸማች አይደለም፣ የ15 ቀኑ መብትም የእሱ አይደለም። የቀረው ውሉ ውስጥ ያለው የመመለሻ አንቀጽና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ውሉ ውስጥ እነዚህን ይፈልግ፦ ያልተሸጠ ዕቃ ይመለሳል ወይ፣ በስንት ቀን፣ ስንት በመቶ ተቀንሶ፣ የማጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት። «በሆንግ ኮንግ ግልግል» የሚል ካለ ለ9,000 ብር ማን ሆንግ ኮንግ ይሄዳል?

ከፓኬጁ ውስጥ ለራሱ ቤት የሚጠቀምበትን ዕቃ ግን ለየብቻ ደረሰኝ ቢያስቆርጥ ቢያንስ በእሱ ሸማች ነኝ ብሎ መከራከር ይቀለዋል።

ለገሃሬ_ፌርማታ

ድሬ ስለሆንን የኮንትሮባንዱን ነገር ሳናነሳ አንለፍ። ሻጩ የያዘው የውጭ ዕቃ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳየው የግዢ ደረሰኙ ነው። ወደ ሐረር ይዞ ሲወጣ መንገድ ላይ ፍተሻ ቢገጥመው «ኩባንያው አስገብቶታል» የሚል ቃል ምንም አይረዳውም። የደረሰኙን ቅጂ፣ ቢቻል የአስመጪውን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ቁጥር የያዘ ማሸጋገሪያ ከዕቃው ጋር ይያዝ፤ ብዛቱም ይመሳከር። 40 ፍሬ የሚል ደረሰኝ ይዞ 65 ፍሬ መጫን ሌላ ጣጣ ነው። ደግሞ ቀረጥ ያልተከፈለበት ኮስሞቲክስ ወይም የምግብ ማሟያ የምዝገባ ማስረጃም ከሌለው ከሁለት በኩል ያስጠይቃል።

የከዚራ_ጥላ

ተመስገን፣ ብዙ ጠራ። የቀረው ፈቃዱ ነው። ድሬ ላይ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሐረር ጁገል ገብቶ ቢሸጥስ? ቅሬታስ የት ይቀርባል?

ሕግና_ደረሰኝ

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድ ክልክል ነው፤ ፈቃዱም ዘርፍ አለው። በልብስ ችርቻሮ ፈቃድ የምግብ ማሟያ መሸጥ ከዘርፍ ውጭ መሥራት ነው፣ ብዙ ቤት ለቤት ሻጭ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ የአስተዳደሩ ንግድ ቢሮ ሲሄድ የሚሸጣቸውን ዕቃዎች በዓይነት ዘርዝሮ ይሂድ፤ «ጠቅላላ ንግድ» ብሎ አይጠይቅ። ቲን ቁጥር ያስፈልጋል። ኮሚሽን የሚከፍለው ድርጅትም ሲከፍል ታክስ ስለሚቀንስ ቲኑን ይፈልጋል፤ የተቀነሰበትን ማስረጃ በየጊዜው ይቀበል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው።

ሐረር የሐረሪ ክልል ነው፣ ቢሮውም ሌላ ነው። አልፎ አልፎ ለታዘዘ ዕቃ ማድረስና እዚያ ዕቃ አከማችቶ መሸጥ አንድ አይደለም። ፈረስ መጋላ አካባቢ መጋዘን ወይም ሰው ካስቀመጠ እዚያ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

ቅሬታ ደግሞ በመጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ፣ ካልሆነ ለየከተማው ንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ ለብቻው የነበረው መሥሪያ ቤት አሁን የለም፤ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል።

መጋላ_ማታ

በዱቤ የሚሸጡትስ? ድሬ ላይ እኮ ግማሹ በወር ነው የሚከፈለው።

ሳቢያን_ሒሳብ

ደረሰኙ ዕቃው በተሰጠበት ቀን ይቆረጥ፣ ገንዘቡ እስኪያልቅ አይጠበቅ። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ቀን ስለሆነ ቀን የሌለው ዱቤ ለሁለቱም ጣጣ ነው። የዱቤ ወረቀቱ ለብቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፦ የጥሬ ዋጋው፣ የዱቤ ዋጋው፣ የከፈለችው፣ የቀረው፣ በየትኛው ቀን ስንት እንደምትከፍል። ሁለቱን ዋጋ ለይቶ መጻፍ አይቀርም፤ ዝርዝሩ ላይ 2,400 የተለጠፈ ዕቃ በዱቤ 3,000 ሲሆን ልዩነቱ አስቀድሞ ካልተነገረ ከተለጠፈው በላይ እንደሸጠ ይቆጠርበታል።

ጁገል_በር

እና የባች ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አትርሱ። አንድ ባች ከገበያ ይሰብሰብ ሲባል ለየትኛዋ ደንበኛ መደወል እንዳለባችሁ የምታውቁት በእሱ ነው።